ካሜራው ካየው በላይ መናገር፦ ስለ ውቅያኖስ ጥበቃ በሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዓለም ውቅያኖሶች ቀን በሚከበርበት በሰኔ 1 ሰሞን የፊልም ተማሪዎችም ሆኑ በሙያው የቆዩ ባለሙያዎች ስለ ባሕር ጥበቃ የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ለውድድርና ለዕይታ ያቀርባሉ። ብዙዎቹን ፊልሞች የሚያደክማቸው የካሜራ ጥራት ማነስ ወይም የገንዘብ እጥረት ሳይሆን፣ አዘጋጁ ምስሉን ከያዘው ማስረጃ በላይ ለማናገር መፈለጉ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጥዬ ከምገልጻቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ፍላጎት የሚመነጩ ናቸው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት መላውን ውቅያኖስ በአምስት ደቂቃ ለማሳየት መሞከር ነው። ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። የፕላስቲክ ብክለት፣ ከመጠን ያለፈ ዓሣ ማስገር፣ የውኃው መሞቅና አሲዳማ እየሆነ መሄድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንስኤና መፍትሔ ያላቸው ጉዳዮች ናቸው። አራቱን በአንድ ትረካ የሚያጭቅ ፊልም ተመልካቹን ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ አያስረዳውም። ለአጭር ፊልም አንድ የባሕር ዳርቻ፣ አንድ መረብ ወይም አንድ የዓሣ ዝርያ ይበቃዋል።

ከዚህ የሚከብደው ስህተት አንድን ምስል ያላረጋገጠውን መንስኤ ማሸከም ነው። በ2017 በካናዳ አርክቲክ የተቀረጸና በናሽናል ጂኦግራፊክ የተሠራጨ ቪዲዮ፣ አጥንቱ የወጣ የዋልታ ድብ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ያሳይ ነበር፤ «የአየር ንብረት ለውጥ ይህን ይመስላል» የሚል ጽሑፍ ታክሎበትም በመላው ዓለም ታየ። ሆኖም ድቡ ለዚያ የበቃው በሕመም ይሁን በጉዳት ወይም በእርጅና ከምስሉ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ መጽሔቱ ራሱ በ2018 በድቡ ሁኔታና በአየር ንብረት ለውጥ መካከል ያለውን ግንኙነት ሲገልጽ ከልክ ማለፉን አመነ። የባሕር በረዶ መመናመን ድቦቹን እንደሚጎዳ በብዙ ጥናት የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ ለተጠራጣሪዎች መከራከሪያ አቀበለች።

በባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ በሚኖረው እንስሳ በኮራል ላይም ተመሳሳይ ግድፈት ይፈጸማል፤ ነጭ ኮራል ሁሉ የሞተ ተደርጎ ይቀርባል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩትን፣ ምግብም ቀለምም የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣል፤ ነጭነቱ የሚመጣው ከዚህ ሲሆን፣ ሙቀቱ በጊዜ ከቀነሰ ኮራሉ ሊያገግም ይችላል። በ2016 በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከአየር ላይ ከተቃኙት ሪፎች (ኮራል ከሠራቸው የባሕር ውስጥ ክምሮች) 93 በመቶው ላይ የመንጣት ምልክት ታይቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የሞተው ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ከሚገኘው ኮራል 30 በመቶ ያህሉ ነው። 30 በመቶ ብቻውን የሚያስደነግጥ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማደባለቅ ምን ይጠቅማል? በአርትዖት ጊዜ ቀለም አደብዝዞ ጤነኛውን ኮራል የነጣ ማስመሰል ደግሞ ከስህተት አልፎ ማታለል ይሆናል።

ሌላው ስህተት ለማሳየት የቀለለውን ነገር ዋና ጥፋተኛ ማድረግ ነው። በ2015 በኮስታ ሪካ ተመራማሪዎች በአንድ የባሕር ኤሊ አፍንጫ ውስጥ የተሰነቀረ የፕላስቲክ ስትሮ በፒንሳ ሲያወጡ፣ ኤሊውም ሲደማ የተቀረጸውን ቪዲዮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አይተውታል። ቀረጻው የሆነውን እንደሆነ ያሳየ በመሆኑ አይነቀፍም። ከዚያ በኋላ የመጡ ፊልሞች ግን የባሕር ፕላስቲክ ማለት ስትሮ ብቻ እስኪመስል ድረስ ደጋገሙት። በሰሜን ፓስፊክ ስለሚገኘው የቆሻሻ ክምችት በ2018 የወጣ ጥናት ከፕላስቲኩ ክብደት 46 በመቶው የዓሣ ማስገሪያ መረብ መሆኑን ገምቷል። የተጣለ መረብ ዓሣና ኤሊ መያዙን ይቀጥላል፤ ይሁንና ተመልካቹን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ስትሮ እንዲያነሣ መጠየቅ፣ ስለ መረብ ሕግና ቁጥጥር ከማስረዳት ይቀላል። ክምችቱንም ሰው የሚቆምበት «የፕላስቲክ ደሴት» አድርጎ መሳል ስህተት ነው፤ በቁጥር አብዛኛው ተበታትኖ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ስብርባሪ ስለሆነ፣ የወደብ ቆሻሻ ፎቶግራፍ አምጥቶ በእሱ ቦታ መተካት ተመልካቹን ያሳስተዋል።

ለምስል ሲባል እንስሳውን መጉዳትም የቆየ ጥፋት ነው። በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል የፓልም ዶር ሽልማት ያገኘው የዣክ ኩስቶና የሉዊ ማል ፊልም፣ ቡድኑ ዓሣ ለመቁጠር ብሎ ሪፍን በድማሚት ሲያፈነዳና መርከቡ ያቆሰለውን ግልገል ዓሣ ነባሪ ሊበሉ የመጡ ሻርኮችን ሲገድል ያሳያል። ኩስቶ በኋላ ከታወቁት የባሕር ተሟጋቾች አንዱ ሆነ። ዛሬ ድማሚት የሚያፈነዳ ፊልም ሠሪ ባይኖርም፣ እንቁላል ልትጥል በሌሊት ወደ ባሕር ዳርቻ የወጣች ኤሊ ላይ ነጭ መብራት የሚያበራ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ብርሃን እናቲቱን ሳትጥል ወደ ባሕር ሊመልሳት፣ የተፈለፈሉትንም ግልገሎች አቅጣጫ ሊያስታቸው ይችላል።

ስለ ቀለምና ስለ ድምፅ በአጭሩ ላንሣ። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሚዋጥ፣ ያለ መብራት ወይም ያለ ቀይ ማጣሪያ የተቀረጸ ሪፍ ሕይወት የሌለው ሰማያዊ ነገር ይመስላል። ድምፅን በተመለከተ ደግሞ ባሕር ዝም ያለ ስፍራ አይደለም፤ የሽሪምፖች መንጣጣት፣ የዓሦች ማጉረምረም፣ የመርከብ ሞተር ሁሉ ይሰማል። ይህን ትቶ ከዳር እስከ ዳር ሐዘንተኛ ፒያኖ ማንጠፍ የምር ስንፍና ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ፊልም አንድ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለ። ባሕር ዳር የቆመችው በሐይቅ ዳር በመሆኑ፣ ተራኪው «ባሕር» ሲል አንዳንዱ ተመልካች ጣናን ሊያስብ ይችላል፤ ስለዚህ «ውቅያኖስ» ወይም «ጨዋማ ባሕር» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ከ1993 ጀምሮ ወደብ ለሌላት አገር ተመልካች የሃዋይን ማዕበል በመክፈቻ ማሳየትም ብዙ አያቀርበውም። የአፋሩን የጨው ሜዳ ጥንት ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፤ ዛሬ በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ የዚያ ባሕር ትራፊ ነው። ካሜራው ከዚያ ቢነሣ፣ ተመልካቹ በምላሱ ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ወደማያውቀው ውኃ ይሻገራል።