የቪአር መነጽሮችን ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚያወዳድሩ

የቪአር (በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም ውስጥ ያሉ የሚያስመስል) መነጽር ማስታወቂያዎች በትልቁ የሚጽፉት የፒክስል ቁጥርን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ነጥቦች ብዛት ነው። ሲያወዳድሩ ግን የራስዎን ዓይን ከመለካት ይጀምሩ።

1. የዓይን ብሌኖችዎን ርቀት ይለኩ። ከመስታወት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ማስመሪያ ቅንድብዎ ላይ አግድም ያስደግፉ። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው ዜሮውን ከግራው ብሌን መሃል ጋር ያስተካክሉ። ከዚያ ራስዎንም ማስመሪያውንም ሳያንቀሳቅሱ ግራውን ይጨፍኑ፤ ቀኙን ገልጠው በቀኙ ብሌን መሃል ላይ የሚውለውን ሚሊ ሜትር ያንብቡ። ሁለቱንም ዓይን ገልጦ መለካት ቁጥሩን ያዛባል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ሌንሶቹ ከዚህ ልኬት ጋር መግጠም አለባቸው። የሜታ ኩባንያ ርካሹ መነጽር የክዌስት 3ኤስ ሌንሶች የሚቆሙት በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር ላይ። ልኬትዎ 65 ወይም 66 ከሆነ ከየትኛውም ጋር በትክክል አይገጥሙም። ሌንሱ ደግሞ ፍሬኔል የሚባለው፣ ክብ ክብ መስመር ያለበት ዓይነት ስለሆነ ጥርት ብሎ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፤ ከመሃሉ ትንሽ ሲወጡ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይንም ይደክማል። ውዱ ክዌስት 3 በመዘውር ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ፓንኬክ የተባለው ሌንሱም እስከ ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ልዩነቱን መክፈል የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

2. ጥራትን በአንድ የዕይታ ዲግሪ ውስጥ ባለው ፒክስል ያወዳድሩ፤ ራስዎ ግን አያካፍሉ። ክዌስት 3 በየዓይኑ ወደ ጎን 2064 ፒክስልና 110 ዲግሪ የዕይታ ስፋት፣ 3ኤስ 1832 ፒክስልና 96 ዲግሪ አላቸው። ቢያካፍሉት ሁለቱም 19 ገደማ ይሆናሉ። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር ግን 25 እና 20 ነው። ሌንስ ፒክስሎቹን በእኩል አይበትናቸውምና ማካፈል ያሳስታል።

3. ፍጥነት። በ90 ኸርዝ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ 90 ጊዜ ሲታደስ፣ ለአንድ ፍሬም (ምስል) ያለው ጊዜ 11.1 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ120 ደግሞ 8.3። ከሚቆራረጥ 120 የማይዛነፍ 72 ይሻላል፤ ማቅለሽለሽ የሚያመጣው መቆራረጡ ነው። ክዌስት 3 እና 3ኤስ ቺፓቸው አንድ ዓይነት፣ ራማቸውም እኩል 8 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ለጨዋታ ፍጥነት ብሎ ውዱን መግዛት ትርፍ የለውም።

4. ሙሉ ዋጋውን ይደምሩ። ፕሌይስቴሽን ቪአር2 ኦሌድ ስክሪን ስላለው ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ያለ ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ያለ ኮምፒውተር ብቻውን አይሠራም። ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት አዳፕተር፣ ብሉቱዝና ዲስፕሌይፖርት 1.4 የተባለ የምስል መውጫ ያስፈልጋል፤ ኤችዲኤምአይ ብቻ ባለው ላፕቶፕ ላይ አይሞክሩት።

እንደ ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2 ያሉ ያገለገሉ መነጽሮች በየዓይኑ 2160 በ2160 ፒክስል ይዘው በርካሽ ሲቀርቡ ያጓጓሉ። ማይክሮሶፍት ግን እነሱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ላይ አውጥቶታል።

5. ያገለገለ ከሆነ ነጭ ምስል ከፍተው ስክሪኑን ጥግ በጥግ ይዩት። በሌንሱ የገባ የፀሐይ ጨረር ያቃጠለው ነጥብ ወይም መስመር ካለ ይተዉት፤ ስክሪኑ ካልተቀየረ አይለቅም።