የመምህርን እጅና ፊት በክፍል ውስጥ እንዴት እናንብብ?

ብዙ ተማሪ መምህሩ ዛሬ ተቆጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ሲመረምር ይቆይና እጁ ሰሌዳው ላይ የሚሠራውን ልብ ሳይል ክፍለ ጊዜው ያልፋል። ትምህርቱን ለመረዳት ግን ከፊት ይልቅ እጅ ይጠቅማል፤ ፊት የመምህሩን ድካም ወይም የቤቱን ጉዳይ ሊያሳይ ይችላል፣ እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው የሚብራራውን ነገር ነው።

መምህርቷ 3 + 4 + 5 = ___ + 5 የሚል እኩልታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች እንበል። «ሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት» እያለች መዳፏን ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ባለው ሁሉ ሥር ታሳልፋለች፣ ቀጥላም ያንኑ መዳፍ በስተቀኝ ባለው ሥር፣ ክፍት ቦታውንም 5ንም ጨምራ፣ ታሳልፋለች። ቃሏን ብቻ የሰማ ተማሪ የግራውን ደምሮ 12 ይጽፋል፤ እጇን የተከተለ ግን «ወገን» ያለችው 5ንም እንደሚጨምር ስለሚያይ 7 ይላል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ጎልዲን ሜዶውና ባልደረቦቿ በዚህ ዓይነት እኩልታ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ የመምህር እጅ አፉ ያልተናገረውን መረጃ ሊያስተላልፍ እንደሚችልና ሕፃናትም እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል። ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዙ የተጻፈውን ብቻ አትገልብጡ፤ መዳፉ ያለፈበትን በመስመር፣ ጣቱ የተመላለሰበትን በቀስት አመልክቱ።

አንዳንዴ ደግሞ እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርቱ ነው። በፊዚክስ የቀኝ እጅ ደንብ አውራ ጣት የኤሌክትሪክ ጅረቱን አቅጣጫ፣ የታጠፉት ጣቶች ደግሞ በሽቦው ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ያሳያሉ። ይህን ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ በራሳችሁ እጅ ካልሠራችሁት አይያዝም። ፈተና ላይ ቀኝ እጁ እስክሪብቶ ስለያዘ በግራው የሚሞክር ተማሪ አቅጣጫውን ገልብጦ ይመልሳል፤ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። መምህሩ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ በእጁ «ወደ ቀኝ» ሲያሳይ ደግሞ የእርሱ ቀኝ የእናንተ ግራ መሆኑን አስታውሱ፤ ጥርጣሬ ካለ የሚታመነው ሰሌዳው ላይ የተሳለው ነው።

ዝምታም ይነበባል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ገደማ ሲረዝም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይታለች። መምህሩ ጠይቆ ዝም ካለ፣ ቾኩን ይዞ ቢያያችሁም፣ ብዙውን ጊዜ እያሰባችሁ እንድትቆዩ ጊዜ እየሰጣችሁ ነውና አትደንግጡ።

ፊትንና አቋምን ስትተረጉሙ ግን መቆጠብ ይበጃል። ክንዱን አጣምሮ መቆም ለአንዱ መምህር ቁጣ፣ ለሌላው የዘወትር ልማድ ነው፤ መለኪያው የዚያው መምህር የወትሮ ሁኔታ እንጂ የሌላ ሰው አይደለም። ከመግባባት ውስጥ 93 በመቶው ያለ ቃል ነው የሚለውን በየሥልጠናው የሚደጋገም አባባልም አትመኑት፤ መነሻው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን በ1967 ያሳተማቸው፣ ስሜትን በነጠላ ቃላት፣ በድምፅ ቃናና በፊት ገጽታ የመረመሩ ጥናቶች ናቸው እንጂ የክፍል ትምህርትን አይመለከቱም።

አገርም ይለያያል። እኛ ዘንድ መምህሩ መልስ ስትሰጡ ትንፋሹን ባጭሩ ወደ ውስጥ ስቦ ድምፅ ቢያሰማ ወይም ቅንድቡን ከፍ ቢያደርግ «አዎ፣ ቀጥል» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን መምህሩ የደነገጠ ይመስለዋል። በተቃራኒው፣ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄደ ተማሪ ሲገሠጽ በአክብሮት ዓይኑን ቢሰብር፣ መምህሩ እንዳላዳመጠው ወይም እንደሚዋሽ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ለመምህሩ ብትነግሩት፣ ልጁንም ሲያዳምጥ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ እንዲያይ ብታለማምዱት፣ አክብሮቱ ሳይጓደል አለመግባባቱ ይቀራል።