ከደመወዝ የሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፦ እንዴት ይሰላል? እንዴትስ ይጣራል?

ደመወዝ ሲገባ ብዙዎቻችን የምናየው እጃችን የደረሰውን ብቻ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ መዋጮው በየወሩ ሲቆረጥብኝ ከርሞ፣ የ7 ወሩ በስሜ ገቢ እንዳልሆነ ያወቅሁት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ያዳነኝ የደመወዝ ወረቀቶቼን አለመጣሌ ነው።

መዋጮና ግብር ለየቅል ናቸው። ግብር ለመንግሥት ጠቅላላ ወጪ ይውላል። መዋጮ ግን ለተወሰነ ጉዳይ የሚሰበሰብ ነው፦ ለጡረታ፣ ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለሥራ ላይ ጉዳት፣ ለሥራ አጥነት፣ ሠራተኛው ቢሞት ደግሞ ለቤተሰቡ። የትኞቹ እንደሚሸፈኑ ከአገር አገር ይለያያል። የግል ቁጠባም አይደለም። በብዙ አገሮች ዛሬ የምትከፍሉት ለዛሬ ጡረተኞች ይከፈላል፤ ለእናንተ የሚቀመጠው የመብት መዝገብ ነው።

መጀመሪያ መነሻውን ለዩ። መዋጮ የሚሰላው ከየትኛው ገንዘብ ነው? አንዳንድ ቦታ ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስና አበልም ይገባሉ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ መጣኔውን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ሁለት ነው፦ ሠራተኛውና አሠሪው። በጀርመን የጡረታ መዋጮ 18.6 በመቶ ሲሆን እኩል ይካፈሉታል፤ 9.3 ከሠራተኛው፣ 9.3 ከአሠሪው። በአሜሪካ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታው ሥርዓት) እያንዳንዳቸው 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የጤና መድን) ደግሞ 1.45 በመቶ ይከፍላሉ። እዚያ በግሉ የሚሠራ ሰው የሁለቱንም ድርሻ ስለሚሸከም 15.3 በመቶ ይደርስበታል።

ጣሪያም ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ176,100 ዶላር በላይ ባለው የዓመት ደመወዝ ላይ 6.2 በመቶው አይቆረጥም ነበር። 1.45 በመቶው ግን ይቀጥላል።

አሁን ካልኩሌተር አንሱ። መሠረታዊ ደመወዝ 20,000፣ አበል 3,000 ነው እንበል። መዋጮ የሚሰላው ከመሠረታዊው ብቻ ነው። የሠራተኛው ድርሻ 8፣ የአሠሪው 10 በመቶ ይሁን። ከእናንተ የሚቆረጠው 20,000 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ100፤ ማለትም 1,600 ነው። አሠሪው ከራሱ ኪስ 2,000 ይጨምራል። በስማችሁ ገቢ የሚሆነው 3,600 ነው።

ወረቀቱ ላይ 1,840 ተቆርጦ ካገኛችሁ አበሉንም ቆጥረውታል ማለት ነው። 3,600 ከተቆረጠ ደግሞ የአሠሪው ድርሻም እናንተው ላይ ተጭኗል። ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው መዝገቡ ነው። መቆረጥና ገቢ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢያንስ በዓመት አንዴ መዋጮውን ከሚሰበስበው ተቋም የመዋጮ ዝርዝራችሁን ጠይቁ። ስማችሁ በትክክል መጻፉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የተቀጠራችሁበትን ቀንና ወራቱን አንድ በአንድ ከደመወዝ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ሥራ ስትቀይሩ ያንኑ መለያ ቁጥር ስጡ። በሁለት ቁጥር የተከፈለ አገልግሎት ኋላ ማገናኘት ትልቅ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። አንዳንድ አሠሪዎች «በወረቀት 8,000 እናድርገው፣ ቀሪውን በእጅ እንሰጥሃለን» ይላሉ። ለጊዜው እጅ ላይ የሚደርሰው ከፍ ስለሚል ያጓጓል። ነገር ግን ጡረታ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከተመዘገበው ደመወዝና ከአገልግሎት ዘመን ነው። የወሊድና የሕመም ክፍያም በብዙ ቦታ እንዲሁ። 20,000 እየሠራ በ8,000 የተመዘገበ ሰው፣ የታመመ ዕለት የሚታሰብለት በ8,000ው ነው። እባካችሁ እሺ አትበሉ።

ጉድለት ካገኛችሁ በቃል ብቻ አትጠይቁ። መጀመሪያ ለደመወዝ ክፍሉ ወራቱን ዘርዝራችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውን አስቀሩ። ካልተስተካከለ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀቶቹንና የባንክ ሒሳብ መግለጫውን ይዛችሁ ወደ ተቋሙ ሂዱ። አቤቱታ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ሥራ እስክትለቁ አትጠብቁ።