በማይል ቲኬት ከመቁረጥ በፊት፦ አንዱ ማይል ስንት ሳንቲም ያወጣል?

ከዋሽንግተን ደለስ ተነሥቶ ቦሌ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ከ7,000 ማይል በላይ ያቋርጣል። ልጆቹን ይዞ በየሁለት ዓመቱ ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው፣ በዚያ ላይ የአስቤዛውንና የነዳጁን ወጪ ማይል በሚሰጥ ክሬዲት ካርድ የሚከፍል ከሆነ፣ ሳያስበው መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ለደንበኛው የሚቆጥርለትና በኋላ ቲኬት የሚቆረጥበት ነጥብ፣ ተጠራቅሞ ያገኘዋል። ያን ጊዜ «በማይል ከቆረጥሁ በነፃ ሄድሁ ማለት ነው» ይላል፤ ስሌቱ የሚበላሸውም «በነፃ» ከምትለዋ ቃል ጀምሮ ነው። ማይሉ ቀደም ሲል በተገዙት ቲኬቶች ዋጋ፣ በካርዱ ዓመታዊ ክፍያ፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ሌላ ካርድ በመተው የተከፈለበት ንብረት ነው። ስለዚህ በማይል መቁረጥ ማለት አንዱን ገንዘብ በሌላ መመንዘር ነው፤ የዕለቱን ምንዛሪ ሳይጠይቅ ዶላሩን የሚያስረክብ ሰው ደግሞ አላየሁም።

ምንዛሪውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። ያንኑ በረራ በገንዘብ ቢገዙት የሚከፍሉትን ዋጋ ይጻፉ፤ ከእሱ ላይ የማይል ቲኬቱ የሚያስከፍለውን ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ ይቀንሱ፤ የቀረውን በሚጠየቁት ማይል ብዛት ያካፍሉ፤ ውጤቱን በ100 ሲያባዙት የአንዱ ማይል ዋጋ በሳንቲም ይወጣል። ለምሳሌ ያህል፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ በገንዘብ 1,400 ዶላር ቢሆንና በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 90 ዶላር ቢጠየቅ፣ 1,310 ዶላር ለ80,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 1.64 ሳንቲም ገደማ አውጥቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የቲኬት ዋጋዎች ሁሉ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የእርስዎን ቁጥር ቲኬት በሚቆርጡበት ቀን ከሚያዩት ላይ ይውሰዱ።

በገንዘብ የተገዛ ቲኬት ራሱ ማይል እንደሚያስገኝ፣ በማይል የተቆረጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንደማያስገኝ መዘንጋት አይገባም። ከላይ ያለውን ቲኬት በገንዘብ ቢገዙት 6,000 ማይል ያገኙ ነበር እንበል። እንግዲያው በማይል ሲቆርጡ የከፈሉት 80,000 ብቻ ሳይሆን ያጡትን ጨምሮ 86,000 ነው፤ ተመኑም ወደ 1.52 ሳንቲም ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ለአራት ሰው ቤተሰብ ሲባዛ 24,000 ማይል ነው። በሼባማይልስ፣ ማለትም በኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ወርቅ ደረጃ ለመድረስ ጥቂት ለቀረው ሰው ደግሞ ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል፤ ደረጃ የሚቆጠረው በተገዛ ቲኬት ሲሆን፣ ከደረጃው ጋር የሚመጣው ተጨማሪ ሻንጣና ማረፊያ ክፍል የራሱ ዋጋ አለውና።

ሰውን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን «ግብርና ክፍያ» በሚለው መስመር ሥር የሚደበቀው ነው። ከአሜሪካ ለሚነሣ የማይል ቲኬት የአሜሪካ መንግሥት የሚወስደው የጸጥታ ክፍያ ለአንድ መንገድ 5.60 ዶላር ብቻ ነው። በመመለሻው ደግሞ የሌላው አገር ኤርፖርት የሚጠይቀው ይጨመርበታል። በማያዎ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ካዩ፣ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ግብር ሳይሆን አየር መንገዱ ራሱ የሚጥለው፣ በልማድ የነዳጅ ጭማሪ እየተባለ የሚጠራውና በቲኬቱ ዝርዝር ላይ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» በሚሉ ፊደላት የሚታየው ክፍያ ነው። ይህን ጭማሪ ወደ መንገደኛው የማስተላለፉ ልማድ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። የዩናይትድ አየር መንገድ ፕሮግራም የሆነው ማይሌጅፕላስ በማይል ቲኬት ላይ አይጨምረውም፤ ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም ከ2020 ወዲህ ትቶታል፣ በሌላ አየር መንገድ ለሚበሩ መንገደኞች ግን 39 የካናዳ ዶላር የማስያዣ ክፍያ ይወስዳል፤ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ፕሮግራም በአንጻሩ በከባድ ጭማሪው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ማይል የሚጠይቀው ቲኬት ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም። ያንኑ 1,400 ዶላር የሚያወጣ ጉዞ አንዱ ፕሮግራም በ80,000 ማይልና በ90 ዶላር፣ ሌላው በ60,000 ማይልና በ520 ዶላር ቢያቀርብልዎ፣ ዓይን የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። ሲሰላ ግን 880 ዶላር ለ60,000 ተካፍሎ 1.47 ሳንቲም ይወጣል፤ የመጀመሪያው ይሻላል ማለት ነው።

ንጽጽሩ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ቲኬቶች እኩል ሲሆኑ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ እኩልነት የሚለካው በሻንጣ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካ መስመር ለኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችን ይፈቅዳል። በአውሮፓ በኩል ትራንዚት የሚያደርጉ አንዳንድ ርካሽ ቲኬቶች አንድ ሻንጣ ብቻ ይፈቅዳሉ፣ ጭራሽ የማይፈቅዱም አሉ። እናቴ ባለፈው ስትመጣ የመጨረሻው ምሽት ያለፈው ሻንጣ በመመዘን ነበር፤ የእጅ ሚዛኑ 24.1 ሲል በርበሬው ይወጣል፣ 22.8 ሲል በሶው ይገባል፣ ታናሽ እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ዚፑን ትይዛለች። ይህች ሴት በአንድ ሻንጣ ትመጣለች ብሎ ማሰላት የማይሆን ነገር ነው። ሁለተኛው ሻንጣ 100 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ፣ ያ 100 ዶላር በገንዘብ ቲኬቱ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው ስሌቱ የሚጀመረው። የትራንዚቱ ርዝመትና ቲኬቱ ሲሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ ወይም ማይልም በዚሁ ዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስሌቱ መጀመሪያ የሚጻፈው «በገንዘብ ቢገዙት» የሚለው ዋጋ፣ ድረ ገጹ የጠየቀው ነው ወይስ እርስዎ ከኪስዎ አውጥተው የሚከፍሉት? ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቢዝነስ ክፍል ነው። የክላውድ ናይን (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክፍል) ወንበር በገንዘብ 4,800 ዶላር፣ በማይል ደግሞ 140,000 ማይልና 90 ዶላር ቢሆን፣ አንዱ ማይል 3.36 ሳንቲም አወጣ ተብሎ በቡና መካከል ይወራል። ነገር ግን ማይል ባይኖርዎት ለዚያ ወንበር 4,800 ዶላር ይከፍሉ ነበር? እኔ በበኩሌ አልከፍልም። ጉልበቴን ዘርግቼ ለመተኛት እጅግ ቢበዛ 2,200 ዶላር አወጣ ነበር፤ ከዚህ ተነሥቼ ሳሰላ አንዱ ማይል ለእኔ ያወጣው 1.51 ሳንቲም ነው። መጥፎ አይደለም፣ ከኢኮኖሚው ግን የሚሻል አይደለም። ወገባቸውን የሚያምማቸው አባት የሚሳፈሩበት ከሆነ ደግሞ ያ 2,200 ወደ 3,000 ሊያድግ ይችላል፤ ቁጥሩን የሚወስነው መንገደኛው እንጂ አየር መንገዱ አይደለም።

የተገኘው ተመን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ለመመለስ የራስ መነሻ ያስፈልጋል። በክሬዲት ካርድ ያገኙት ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል ሳይዛወር ገና ባንክ ውስጥ ካለ፣ ባንኩ በጥሬ ገንዘብ ቢመልስልዎ የሚሰጠው ዝቅተኛው መነሻዎ ነው፤ ለምሳሌ የቼዝ ባንክ ነጥብ በጥሬ ገንዘብ ሲወሰድ አንዱ አንድ ሳንቲም ነው። ማይሉን ከፕሮግራሙ በዋጋ ቅናሽ ጊዜ ገዝተውት ከሆነ ደግሞ ከገዙበት በታች መመንዘር ኪሳራ ነው። እኔ ከ1.2 ሳንቲም በታች ከሆነ በገንዘብ እገዛለሁ፣ ከ1.5 በላይ ሲሆን ሳልጨነቅ እቆርጣለሁ፤ በመካከል ሲሆን የዚያ ወር የባንክ ሂሳቤን አይቼ እወስናለሁ።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ የሚቀረው ያንኑ ወንበር በተለያዩ በሮች ማንኳኳት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል በመሆኑ፣ አንድ የደለስ–አዲስ አበባ ወንበር በሼባማይልስ፣ በማይሌጅፕላስም ሆነ በኤሮፕላን ሊቆረጥ ይችላል፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ዋጋ ይጠይቁበታል። ሆኖም አየር መንገዱ ለአጋሮቹ የሚለቃቸው ወንበሮች ጥቂት ስለሆኑ፣ በአንዱ ማያ ላይ የታየው በሌላው ላይታይ ይችላል። መሄጃና መመለሻውንም ለየብቻ መፈለግ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ መሄጃው በአንዱ ፕሮግራም ማይል፣ መመለሻው በሌላ ፕሮግራም ማይል ሲሆን ይሻላል፤ በገንዘብ ግን አንድ መንገድ ብቻ መግዛት አንዳንዴ ከደርሶ መልሱ ግማሽ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ያንን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ነጥብን ከባንክ ወደ አየር መንገድ የማዛወሩ ሥራ ግን የመጨረሻው ይሁን፣ ከተዛወረ በኋላ አይመለስምና። ይህን የተማርሁት በዋጋ ነው። ለገና ልንሄድ ስንዘጋጅ በአንድ ፕሮግራም ድረ ገጽ ላይ ሁለት ወንበር አየሁና እኩለ ሌሊት ላይ 90,000 ነጥብ ከባንክ አዛወርሁ። ነጥቡ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሲደርስ ወንበሮቹ የሉም። ደጋግሜ ደወልሁ፣ ሙዚቃ እያዳመጥሁ ጠበቅሁ፣ የመጣልኝ መልስ «በሌላ ቀን ይሞክሩ» የሚል ነበር። ያ ነጥብ ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጦ በመጨረሻ አንዱ በ0.9 ሳንቲም ሒሳብ ለአንድ የአገር ውስጥ ጉዞ ዋለ። አሁን ከማዛወሬ በፊት ወንበሩን በስልክ አረጋግጣለሁ፤ ፕሮግራሙ ለጊዜው የሚይዝልኝ ከሆነም አስይዛለሁ።

በወቅቱም በኩል አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ለገናና ለጥምቀት፣ እንዲሁም በአሜሪካ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በጋ፣ የገንዘብ ዋጋው ስለሚያሻቅብ ስሌቱ ማይልን ያሞግሳል፤ የማይል ወንበሩ ግን በዚያው ሰሞን ይጠፋል፣ የተገኘውም እጥፍ ማይል ይጠይቃል። ዩናይትድ በ2019 ቋሚ የማይል ዋጋ ሠንጠረዡን ካነሣ ወዲህ የማይሉም ዋጋ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ቀናቸውን በሳምንት ማንሸራተት የሚችሉ ሰዎች፣ ለምሳሌ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሚነሡ፣ ከማንኛውም ብልሃት የበለጠ ይተርፋቸዋል።

ማይልን ለዓመታት ማከማቸት አይመከርም፤ ወለድ የለውም፣ ፕሮግራሞቹም ዋጋ ሲጨምሩ አስቀድመው የማስጠንቀቅ ግዴታ አይሰማቸውም። የዩናይትድ ማይል ጊዜው አያልፍበትም፣ የኤሮፕላን ግን ሂሳቡ ለ18 ወር ካልተንቀሳቀሰ ይሰረዛል፤ የእርስዎን ፕሮግራም ደንብ ዛሬውኑ ይመልከቱ።

ከዚህ ምክር ውጪ የማደርገው አንድ ክምችት ብቻ ነው። የሞት መርዶ ሲመጣ በዚያው ሌሊት የሚቆረጥ የአንድ መንገድ ቲኬት 1,900 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንጻሩ ሳይሸጡ የቀሩ ወንበሮች በመጨረሻው ቀን ለአጋር ፕሮግራሞች የሚለቀቁበት ጊዜ አለ። አንዱ በ45,000 ማይልና በ6 ዶላር ገደማ ቢገኝ፣ አንዱ ማይል ከ4.2 ሳንቲም በላይ አወጣ ማለት ነው። ወንበሩ ላይገኝም ይችላል። ቢሆንም ለአንድ ሰው መሄጃ የሚበቃ ማይል ለመዝናኛ ሳልነካ አስቀምጣለሁ፤ የሂሳቡንም የይለፍ ቃል ባለቤቴ ታውቀዋለች፣ ምክንያቱም በዚያ ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ወንበር የሚፈልገው መርዶ የደረሰው ሰው አይሆንም።