ከአፕዴት በኋላ ጥቁር ስክሪን፦ ኤንቪዲያ ያለበት ሊኑክስ ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ይነሳል። የኡቡንቱ አርማ ብቅ ይላል። ከዚያ ጥቁር። አንዳንዴ ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ባለቤቱን ስትጠይቁት መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም አልነካሁም!»

እውነቱን ነው፣ እሱ አልነካም። ሲስተሙ ነው ከጀርባ አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) ያስገባው። ማታ ደህና የነበረ ማሽን ጠዋት የሚጨልመው ለዚህ ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ስትተይቡ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፤ በትልቁ የሚጻፍ ካለ እናገራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ባዮስ ውስጥ (ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ገብታችሁም ስክሪኑ የሚርገበገብ ወይም መስመር የሚያሳይ ከሆነ ሊኑክስን ተዉት። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ኬብል ነው። ይህን ሳያዩ ሶስት ጊዜ ፎርማት ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ዋናው። እነዚህ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው፦ አንዱ ብዙውን ጊዜ ኢንቴል፣ አንዱ ኤንቪዲያ። የኤንቪዲያው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሰራው ሶፍትዌር፣ ለአንድ ከርነል በልኩ የተሰፋ ነው። ከርነሉ ሲቀየር ለአዲሱ እንደገና መሰራት አለበት። ካልተሰራ ጥቁር። ተሰርቶ ሴክዩር ቡት (ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው የማሽኑ ጥበቃ) የሚያምነው ፊርማ ከሌለውም ጥቁር። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ወደ ማስነሻ ሜኑው ለመግባት፣ ላፕቶፑ እንደበራ ኢስኬፕን አንዴ ንኩ። አንዴ ብቻ! ደጋግሞ የሚቀጠቅጥ ሰው «ግረብ» የሚል ባዶ መጻፊያ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ «ጭራሽ አበላሸሁት» ብሎ ይደውላል። እዚያ ከወደቃችሁ «ኖርማል» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ፣ ሜኑው ይመለሳል። ከሜኑው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቡና ከላይኛው ቀጥሎ ያለውን፣ ማለትም የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። በእሱ ከተነሳ ምርመራው አለቀ። ስክሪኑም ካርዱም ጤነኛ ናቸው፣ የጎደለው ለአዲሱ ከርነል የሚሆን ድራይቨር ነው።

በአሮጌውም እምቢ ካለ ሜኑው ላይ «ኢ»ን ንኩ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍተት ሰጥታችሁ «ኖሞድሴት» ጨምሩ፣ ከዚያ ኮንትሮል ኤክስ። ይህ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ለአንድ ጊዜ! አንድ ተማሪ ከሆነ ቪዲዮ አይቶ በቋሚነት አስገብቶት፣ ለወራት ብርሃን መቀነስ በማይቻልበት ስክሪን፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሲሰራ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ የግራፊክሱ ስም «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ይላል። ያ ማለት ግራፊክስ ካርዱ ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩ ነው ስዕሉን የሚስለው። «ላፕቶፑ አርጅቷል» ብሎ ሊሸጠው ነበር።

ከገባችሁ በኋላ ተርሚናል ላይ ሱፐር ዩዘር ሆናችሁ (ከትእዛዙ ፊት «ሱዶ» ጨምራችሁ) «ሞድፕሮብ ኤንቪዲያ» በሉ፤ ድራይቨሩን ለማስነሳት ይሞክራል። ይህ የሚጠቅመው አዲሱ ከርነል ላይ ስትሆኑ ነው፤ መሆናችሁን «ዩኔም ሰረዝ አር» ይነግራችኋል። ስህተቱ ቁልፉ ተቀባይነት አጣ፣ «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ» የሚል ከሆነ የሴክዩር ቡት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚያ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና አስር ሰከንድ ይቆጥራል። በአስሩ ሰከንድ ውስጥ አንድ ቁልፍ ካልተነካ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ጥያቄውም ይሰረዛል። አንዱ ደንበኛዬ «ቫይረስ መስሎኝ በፓወር በተኑ አጠፋሁት» አለኝ። ሌላው ሻይ ሊያፈላ ሄዶ ነበር። የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያስለመደን ፍርሃት ነው መሰለኝ።

ማስተካከያው የድራይቨሩን መፈረሚያ ቁልፍ («ሞክ» ይባላል) ማሽኑ ላይ ማስመዝገብ ነው፦ «ሞክዩቲል ሰረዝ ሰረዝ ኢምፖርት» ብላችሁ፣ «ቫር» ከዚያ «ሊብ» ከዚያ «ሺም-ሳይንድ» ከዚያ «ሞክ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሞክ ነጥብ ዲኢአር» የተባለ ፋይል ስጡት። በፋይሉ ስም ላይ «ሞክ» በትልቁ፣ «ዲኢአር» በትንሹ ነው። ፓስወርዱን ስምንት ቁጥር ብቻ አድርጉት፤ ለአንድ ጊዜ ስለሆነ 12345678 ቢሆንም ግድ የለም። ምልክት አታስገቡ፣ ሰማያዊው ስክሪን የናንተን ኪቦርድ አቀማመጥ አያውቅም። ሪስታርት አድርጉና ከማሽኑ አትነሱ። ቁልፍ ንኩ፣ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ፓስወርዱ (ስትጽፉ ላይታይ ይችላል)፣ «ሪቡት»። አለቀ።

«ሴክዩር ቡትን ባጠፋውስ?» ትሉኛላችሁ። ይሰራል። ግን ቁልፉን አንዴ ማስመዝገብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ራስ ምታቴ ከድረ ገጽ የሚወርደው ባለ «ራን» ፋይል ነው። ሰው ከዊንዶውስ ልማዱን ይዞ ይመጣል፣ ድራይቨር ፍለጋ ጉግል ይገባል፣ ስንት መቶ ሜጋ ዳታ ያቃጥላል። ይጫንለታልም። ግን አፕት (የኡቡንቱ ሶፍትዌር ጫኚ) ስለዚህ ድራይቨር የሚያውቀው ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ከርነል ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ነው። አንዷ ላፕቶፕ በዚሁ ምክንያት ሶስት ጊዜ ተመልሳብኛለች፤ ባለቤቱ እኔ ያስገባሁትን እየነቀለ «አዲሱን ቨርዥን» ይጭናል። አታድርጉት። «ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል» ብላችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ «ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል»። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተፈረመውን ስለሚያመጣ ሰማያዊው ስክሪንም አያስፈልግም።

መብራት በአፕዴት መሃል ከሄደ፣ ባትሪውም የሞተ ከሆነ፣ ግማሽ የተጫነ ድራይቨር ይቀራል። «ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ያስጨርሰዋል። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ላይ አፕዴት አትጀምሩ እያልኩ ሰልችቶኛል።

ድራይቨሩን ለየከርነሉ የሚሰራው ዲኬኤምኤስ ነው። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ላይ አዲሱ ከርነል ካልተጠቀሰ ብዙውን ጊዜ ሄደርሱ (ድራይቨሩን ለመስራት የሚያስፈልጉት የከርነሉ ፋይሎች) የለም ማለት ነው፤ «ሊኑክስ-ሄደርስ-» ብላችሁ የአዲሱን ከርነል ሙሉ ስም አስከትላችሁ አስገቡ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ከርነል 6.5 ሲመጣ ግን ሄደርስ እያለም ይከሽፍ ነበር፤ የፈለገው ጂሲሲ 12 የተባለውን ኮምፓይለር ነበር።

የቀሩትን ባጭሩ። ኤችዲኤምአይ ብቻ ከጠፋ፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ገመዱ ከኤንቪዲያው ጋር ስለተያያዘ ያው ድራይቨሩ ነው። የኢንቴል ስክሪን ዝም ስትሉት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ «አይ915 ነጥብ ኢኔብል_ፒኤስአር=0»ን ከርነል መስመሩ ላይ ሞክሩ። ካርዱ ፌርሚ የተባለው አሮጌ የኤንቪዲያ ትውልድ ከሆነ 390 ድራይቨር ነው የሚገባው፣ ድጋፉም በ2022 ቆሟል፤ ከሊኑክስ ጋር በሚመጣው ነጻ ድራይቨር፣ በ«ኑቮ» ኑሩ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት «ቡት» ክፍል ሞልቶ እንደሆነ እዩ።

ሲያበቃ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ሰንጠረዥ ካሳያችሁ ገብቷል። ሁለት ጊዜ ሪስታርት ሳታደርጉ ግን ላፕቶፑን ለባለቤቱ አትመልሱ።