ቦዩ ሳይጠረግ የጸደቀ ዕቅድ፦ የአካባቢ አስተዳደሮች በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመሪዎችን ስብሰባ ነው። ጎርፉ የሚገባው ግን ሰፈር ውስጥ ነው። ቦይ የሚያስጠርገው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና ቆሻሻ የሚያነሳው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹም የሚገኙት እነዚሁ ተራ ሥራዎች ውስጥ ነው።

ጉዳዩን ለአንድ ክፍል መተው

አንድ ባለሙያ ይቀጠራል። ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ሪፖርት ይጽፋል፣ ሪፖርቱም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የመንገድ ክፍል ግን የጎርፍ መውረጃውን ቱቦ በድሮ የዝናብ መረጃ እየለካ ይቀብራል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዶፍ ሲጥልም ከበፊቱ ይከብዳል። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት የቱቦውን ስፋት የሚወስነው መሐንዲስ ነው።

ሁሉንም ውሃ ቱቦ ውስጥ ለመክተት መሞከር

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ምድር ቤቶች ተጥለቀለቁ፤ ኪሳራው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ከተማዋ በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ዕቅድ ቱቦ በማስፋት ብቻ አልተወሰነችም። ፓርኮች ውሃ እንዲያቁሩ፣ የተመረጡ መንገዶችም ጎርፉን እንዲያወርዱ ወሰነች። በኔዘርላንድሷ ሮተርዳም ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተ አንድ አደባባይ አለ። በደረቅ ቀን ወጣቶች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ኩሬ ይሆናል።

ግን እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት አምሮን ጽዳቱን እንዳንረሳ። የቦዩ አፍ ላይ ያለውን ፍርግርግ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት የውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ ፌስታልና ጥቂት ቅጠል ከተሰባሰቡ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ቱቦ ባዶውን ይቀመጣል፣ ውሃው በላዩ ያልፋል። ከዝናብ ወቅት በፊት ማስጠረግ ሪባን አይቆረጥለትም። ችግሩም ይኸው ይመስለኛል።

ተክሎ መሄድ

ፎቶ ይነሳል፣ ችግኙ ይረሳል። አንዳንዱማ በጥድፊያ ከነፕላስቲኩ ይተከላል። ስሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። መቁጠር ያለብን የተተከለውን ሳይሆን ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ የቆመውን ነው። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረችው ዘመቻ ነዋሪዎች የእያንዳንዱን ዛፍ ዕድገት በስልክ እየመዘገቡ ይከፈላቸዋል። በጀቱ ለተከላ ብቻ ከሆነ ግን ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?

ሙቀትን እንደ አደጋ አለማየት

ሙቀት ድልድይ አያፈርስም፣ ለዜና የሚሆን ምስልም የለውም። ሰው ግን ይገድላል። የህንዷ አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 በደረሰባት ከባድ ሙቀት ከወትሮው ከ1,300 በላይ ተጨማሪ ሰዎች ሞቱባት። እ.ኤ.አ. በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ ቀድሞ ማስጠንቀቅን፣ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠንንና የመጠጥ ውሃ ማቅረብን ያካትታል። ጣሪያዎችን ነጭ መቀባትም ተጨመረ፤ ነጭ ጣሪያ ፀሐይን ስለሚመልስ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች የት እንዳሉ ማወቅና በዚያ ሰሞን በራቸውን ማንኳኳት ነው።

ቆሻሻን የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ማድረግ

የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ አየር በማይገባበት የቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሰላ፣ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ከየቤቱ ለይቶ ሰብስቦ ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል። ለይቶ አሰብስቦ በአንድ መኪና መደባለቅ ግን የለየውን ሰው ሞኝ ማድረግ ነው።

ነዋሪውን መጨረሻ ላይ መጠየቅ

ወንዝ ዳር ፈቃድ ሰጥቶ፣ ጎርፍ ሲመጣ ነዋሪውን ማንሳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከእንጀራው አርቀው ያሰፈሩት ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ተመልሶ ይመጣል። የውሃውን መንገድ ከካርታው ይልቅ እዚያው ያረጁ እናት ያውቁታል። ቢጠየቁ ግድግዳቸው ላይ ያለውን የጭቃ መስመር በጣታቸው እያሳዩ፣ «ያኔ እስከዚህ ደርሶ ነበር» ይላሉ።