ስለ ካንትሪና ፖፕ ስንከራከር የምንስታቸው ነገሮች

ስለ ካንትሪ፣ ከአሜሪካ ገጠር ስለወጣው ሙዚቃ፣ «ካንትሪ ድሮ ቀረ፤ ፖፕ ገብቶበት ተበላሸ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ድሮ የሚለው መቼን እንደሆነ ጠይቁት። ዘፋኙን ጂም ሪቭስን ከጠራላችሁ ትልቁ ስህተት እዚያው ነው።

ሪቭስ ራሱ የካንትሪና የፖፕ ቅልቅል ውጤት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ሮክ ኤንድ ሮል የወጣቱን ጆሮ ሲወስድ የካንትሪ ገበያ ተንገዳገደ። የካንትሪ መናኸሪያ በሆነችው የአሜሪካ ከተማ ናሽቪል ውስጥ ቼት አትኪንስና ኦወን ብራድሊ የተባሉ ፕሮዲውሰሮች መላ ዘየዱ። የገጠሩን ፊድል (በገጠር ስልት የሚመታ ቫዮሊን) እና ስቲል ጊታር (ገመዱ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታ ጊታር) ገሸሽ አደረጉ። ለስላሳ ፒያኖ፣ የቫዮሊን ኦርኬስትራና አጃቢ ድምፃውያን አስገቡ። ስሙም «ናሽቪል ሳውንድ» ተባለ። አትኪንስ የሠራው የሪቭስ «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» በ1960 በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ 2ኛ ሆነ። በብራድሊ እጅ ያለፈው የፓትሲ ክላይን «ክሬዚ»ም በ1961 ፖፕ ሰሚው ቤት ገባ። ያኔም የተቆጣ ነበር። ዛሬ ግን የንጹሕ ካንትሪ መለኪያ የምናደርገው እነዚህኑ ነው!

ሌላው ስህተት ካንትሪ ዘፋኝ ብቻ ብር ፍለጋ ወደ ፖፕ የሚሻገር ይመስለናል። የሶል ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በራሱ ስልት ተጫውቶ ሙሉ አልበም አውጥቷል። የካንትሪ ዘፋኙን የኬኒ ሮጀርስን «ሌዲ» የጻፈው የሶልና የፖፕ ዘፋኙ ላዮኔል ሪቺ ነው። ሮጀርስ ከካንትሪ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ጋር የተጫወተው «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» ደግሞ የቢ ጂስ ድርሰት ነው፤ የእነዚያ የዲስኮ ወንድማማቾች። በነገራችን ላይ ሪቺና ሮጀርስ በ1985 ለእኛው ረሃብ በተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይም አብረው አሉ። የሁለቱም ማናጀር የነበረው ኬን ክራገን ነው ያንን ሥራ ያስተባበረው።

ሰንጠረዥን እንደ ዳኛ ማየትም አያዋጣም። በ2019 የሙዚቃ ሰንጠረዥ የሚያወጣው የአሜሪካ መጽሔት ቢልቦርድ የጥቁሩን ራፐር የሊል ናስ ኤክስን «ኦልድ ታውን ሮድ» ከካንትሪ ዝርዝሩ አወጣው። ዘፈኑ ግን ሁሉንም ስልት በሚያቅፈው ዋናው ሰንጠረዥ 19 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ። የቢዮንሴ አልበም «ካውቦይ ካርተር»ም በ2024ቱ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት አንድም ዕጩነት አላገኘም። በ2025 ግን በምርጥ የካንትሪ አልበም ዘርፍ ግራሚ ወሰደ። ማን ይታመን? እኔ ጆሮዬን አምናለሁ።

ጥቁር ዘፋኝ ካንትሪ ሲጫወት እንግዳ ነው የሚለውን እንኳ ተዉት። የካንትሪ መለያ የሆነው ባለ ገመዱ መሣሪያ ባንጆ ሥሩ አፍሪካ ነው። ጥቁሩ የካንትሪ ኮከብ ቻርሊ ፕራይድም አለ።

የካንትሪ ፖፕ ዘፋኟን የሻናያ ትዌይንን «ካም ኦን ኦቨር» አንስታችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ደግሞ የትኛውን እንደሰማችሁ ተጠያየቁ። የ1997ቱ አልበም ለዓለም አቀፍ ገበያ የድምፅ ቅንብሩ እንደገና ተቀላቅሎ (ሚክስ ተደርጎ)፣ የካንትሪ ድምፁ ቀነስ ብሎ ወጥቷል። አንዳችሁ ፊድሉን ሰምታችሁ፣ ሌላችሁ ጨርሶ ሳትሰሙት ሊሆን ይችላል።